ኃላፊያችን ፏፏቴው ዳር እንዴት እንደተወሰዱ

ቀጭ።

መጀመሪያ የተሰማው ይህ ድምፅ ነው። ከተዘጋው የኃላፊያችን በር ጀርባ፣ ቀጭ። ቀጥሎ ጸጥታ። ቀጥሎ የራሳቸው የኃላፊያችን ድምፅ፦ «እስቲ አሳየኝ።» ከዚያ ረዘም ያለ ጸጥታ፣ ወንበር ሲንፏቀቅ፣ ጉሮሮ ሲጠረግ፣ «እንደገና!» እና እንደገና ቀጭ።

ኮሪደሩ ላይ ያለን ሠራተኞች ድምፁን በአክብሮት አዳመጥን። ባለጉዳዮችም ከእኛ ጋር አዳመጡ። አንዱ ወደ ጸሐፊያችን ወደ እትዬ ጠጋ ብሎ፣ «ማኅተም እየተመታ ነው እንዴ?» ሲል ጠየቀ።

«ማኅተም ምን አላት! ኃላፊው ዓይናቸውን እየገለጡ ነው» አሉት እትዬ። «ነገ ተመለስ።»

እንዲህ ያለ ትጋት በሌላ መሥሪያ ቤት ይኖር እንደሆነ አላውቅም። የእኛ ቅርንጫፍ የመስህብ ቦታዎች ክትትል ይባላል። መከታተል ማለት ቦታው ድረስ ሄዶ ቦታው አለመሄዱን ማረጋገጥ ነው። ተራራው ካለፈው ዓመት ፈቀቅ እንዳላለ፣ ሐይቁ ተጠቅልሎ እንዳልተወሰደ፣ ፏፏቴው አሁንም የሚወድቀው ቁልቁል መሆኑን በዓይናችን አይተን እንመለሳለን። ማየታችን በምን ይታወቃል ቢሉ፣ በፎቶ። ፎቶ የሌለው ጉብኝት ቤት እንደመዋል ነው፤ ፎቶ ያለው ቤት መዋል ግን ጉብኝት ነው። የጥንት ሰዎች ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ብለዋል። የጥንት ሰዎች ካሜራ ስላልነበራቸው ነው እንጂ፣ ሲሾም ፎቶ ያልተነሳም ሲሻር ይቆጨዋል።

ችግራችን አንድ ብቻ ነበር። ኃላፊያችን ፎቶ ላይ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

ተራራው ጫፍ ላይ ጨፍነዋል። ሐይቁ ዳር ጨፍነዋል። ዋሻው ውስጥ ጨለማ ስለሆነ አይታወቅም ብለን ነበር፤ የካሜራው መብራት ቦግ ሲል ጨፍነው ተገኙ። በሰርጋቸው ፎቶ ላይም ያው ነው። ባለቤታቸው እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ ሳሎኑ ግድግዳ እያመለከቱ፣ «ዓይኑን ጨፍኖ ነው ያገባኝ፤ ማስረጃውም ይኸውላችሁ» ይላሉ አሉ።

ይህ የቤት ውስጥ ጉዳይ ሆኖ ቢቀር ምንም አልነበረም። ነገር ግን ዋናው መሥሪያ ቤት የላክንለትን ፎቶ ሁሉ አንድ ላይ ዘርግቶ ተመለከተና እንዲህ የሚል መልእክት ላከ፦ «የቅርንጫፉ ኃላፊ በተካሄዱት ጉብኝቶች ሁሉ ተኝተው የሚታዩ መሆኑን ተገንዝበናል። በሚቀጥለው ጉብኝት ነቅተው የማይታዩ ከሆነ ወንበሩን ለነቃ ሰው ለመስጠት እንገደዳለን።»

እኔ የምሠራው መዝገብ ቤት ነው። በሩ ሁልጊዜ ክፍት ስለሆነ ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት የኮሪደሩ ግድግዳ ይታየኛል፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ ማለትም አዘውትሬ፣ እሱን እያየሁ በሐሳብ እሄዳለሁ። ግድግዳው ላይ የቀድሞ ኃላፊዎቻችን በመስታወት ተለብጠው ተሰቅለዋል። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ወንበሩን የለቀቀ ግድግዳውን ይይዛል። ከመጨረሻው ፎቶ ቀጥሎ አንድ ባዶ ሚስማር ነበር። ኃላፊያችን በዚያ በኩል ሲያልፉ ሚስማሩ ጋ ሲደርሱ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ያኔ እንኳ ማንም ፎቶ እያነሳቸው አልነበረም።

ስለዚህ አዋጅ ታወጀ። ለሠራተኛው በሙሉ «በጉዞ ላይ የተሻለ ፎቶግራፍ የማንሳት የግንዛቤ ማስጨበጫ» ይሰጣል ተባለ። አስጨባጩ የቅርንጫፉ ፎቶ አንሺ ነበር። ብልጭታ ነው የምንለው፤ በካሜራው ነው እንጂ በሌላ ነገሩ አይደለም። አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰብን። ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ እንዲታይ መጋረጃው ሁሉ ተዘጋ። ስለ ብርሃን የተማርነው በጨለማ ነው።

«የመጀመሪያው ሕግ» አለ ብልጭታ ዘንጉን እያወዛወዘ፣ «ሰውየውን መሐል ላይ አንገትረውም። ስፍራውን ሦስት ቦታ እንከፍልና ሰውየውን በአንደኛው በኩል እናቆመዋለን።»

«ሰውየው ማነው?» አሉ ኃላፊያችን ከፊት ወንበር።

«እርስዎ ነዎት ጌታዬ።»

«እና እኔን ጥግ ልታስይዘኝ ነው?»

«ጥግ አይደለም ጌታዬ፤ አንድ ሦስተኛውን ነው የሚይዙት።»

«የቀረው ሁለት ሦስተኛ ለማን ነው?»

«ለፏፏቴው።»

«ፏፏቴው ደረጃው ስንት ነው?»

ብልጭታ የፏፏቴውን የሥራ ደረጃ አያውቅም ነበር። አዳራሹ ውስጥም የሚያውቅ አልተገኘም። ስለሆነም ሁለት ሦስተኛውን ኃላፊው፣ አንድ ሦስተኛውን ፏፏቴው እንዲይዙ ተወሰነ። ፏፏቴው ቅሬታ ካለው በጽሑፍ ያቅርብ ተባለ።

«ሁለተኛው ሕግ፤ ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ያለው ብርሃን ወርቃማ ብርሃን ይባላል። ፊትን ያለሰልሳል፣ ዓይንን አይወጋም። ጎበዝ ፎቶ አንሺ በዚያ ሰዓት ነው የሚወጣ።»

«ጎህ ሲቀድ ሠራተኛ ገብቷል?» አሉ ኃላፊያችን ወደ እትዬ ዞረው።

«ኧረ አልገባም።»

«ልትጠልቅ ስትልስ?»

«ያኔማ ወጥቷል።»

«እንግዲያው ወርቃማው ብርሃን ከምሳ በኋላ እንዲሆን ይያዝልኝ።»

ተያዘ።

ሦስተኛው ሕግ ጀርባን ማደብዘዝ ነበር። ከኋላ ያለው ደብዘዝ ሲል ከፊት የቆመው ጎልቶ ይወጣል፤ ይህ በጭብጨባ ጸደቀ። ከኋላ የምንቆመው እኛ ነን። ደብዛችን ከጠፋ ስለቆየ መመሪያው የጨመረብን ነገር አልነበረም።

መቼም ክፉ ነገር የሚመጣው ማጠቃለያ ላይ ነው። ብልጭታ ዘንጉን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ «በአጭሩ» አለ፣ «በዚህ ጉዞ ኃላፊያችን በሚገባ ይነሳሉ።»

የፊቱ ወንበር ሲጥ አለ።

«ምን አልክ?» አሉ ኃላፊያችን።

«ይነሳሉ አልኩ ጌታዬ። ሁሉም ሰው በሚያየው ሁኔታ ነው የሚነሱት።»

«ማነው የሚያነሳኝ?»

«እኔ ነኛ!»

«አንተ? አንተ ልታነሳኝ?»

ከኋላው ወንበር ላይ የተቀመጡት ሹፌራችን ጋሼ፣ «ምን ችግር አለው፣ እጁ እንደሆነ ለምዷል» አሉ። «የፊተኛውንም እሱ ነው ያነሳቸው።»

ያ ስብሰባ በዚያው ተበተነ። ኃላፊያችን ቢሯቸው ገብተው እትዬን አስጠሩ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር፣ እኔ ደግሞ ከሐሳቤ የምመለሰው የሰው ሹክሹክታ ስሰማ ስለሆነ፣ የተባለው ሁሉ ደረሰኝ።

«ቃሉ ይቀፋል እትዬ። ወንበሬ ላይ ዓይን በበዛበት በዚህ ሰዓት ጠዋት ማታ ‹ይነሱ›፣ ‹ተነሱ›፣ ‹እናንሳዎት›! ሟርት አይደለም ይሄ?»

«እውነትዎን ነው። ግን በሠለጠነው ዓለም እኮ ጌታዬ ፎቶ አይነሳም፤ ይወሰዳል ነው የሚሉት። የእህቴ ልጅ ውጭ አይደል? ሲጽፍልኝ ‹አክስቴ፣ ባሕሩ ዳር ፎቶ ወሰድኩ› ነው የሚለኝ።»

ኃላፊያችን ቃሉን በአፋቸው አገላብጠው ቀመሱት። «ተወሰዱ። ኃላፊው ተወሰዱ።» ደጋገሙት። «ግርማ አለው!»

በማግሥቱ ማስታወቂያ ወጣ፦ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቅርንጫፍ ፎቶግራፍ አይነሳም፤ ይወሰዳል። ‹መነሳት› የሚለው ቃል ከነዘር ማንዘሩ ከአገልግሎት ተነስቷል።» እትዬ የመጨረሻውን ቃል ሲያዩ ደነገጡና በእስክሪብቶ ሰርዘው «ተወስዷል» ብለው አስተካከሉት።

የጉዞው ቀን ሚኒባሱ ውስጥ ገብተን ተደላድለን ተቀመጥን። ጋሼ ሞተሩን አሙቀው በመስታወቱ ወደ ኋላ አዩን።

«እሺ፣ እንነ...»

እትዬ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ጋሼ መሪውን እንደያዙ ትንሽ አሰቡ።

«እንወሰድ?» አሉ።

«እንወሰድ!» አልን በአንድ ድምፅ። ተንቀሳቀስን።

ፏፏቴው ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ሩቅ ያለ ሕዝብ የሚያጉረመርም ይመስላል፤ ስትቀርበው ጉርምርምታው ነጎድጓድ ይሆናል። ጥቁር ቋጥኝ፣ ነጭ ውሃ፣ ከሥሩ እንደ ጉም የሚተን ርጭት። ወርቃማው ብርሃን በመመሪያው መሠረት ከምሳ በኋላ አናታችን ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ርጭቱ ላይ ቀስተ ደመና ወጥቶ ነበር፤ ከአንደኛው ቋጥኝ ተነስቶ ሌላኛው ላይ ያርፋል። ለብልጭታ አሳየሁት።

«ፕሮግራም ላይ የለም» አለኝ።

ኃላፊያችን አዲስ ባርኔጣ አድርገው የውሃው አፋፍ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ቆሙ። እኛ ከኋላቸው ለመደብዘዝ ተሰለፍን። ብልጭታ በአንድ ዓይኑ ካሜራው ውስጥ ገባ።

«ጌታዬ፣ ትንሽ ዝቅ...» አለና ቃሉን ዋጠው። ሹመት ላይ ያለን ሰው ዝቅ በል ማለት እንደማይገባ ትዝ አለው። ላብ አጠመቀው። «ትንሽ ወደ ታች ከፍ ይበሉልኝ!»

ኃላፊያችን ወደ ታች ከፍ አሉ።

«እስከ ሦስት እቆጥራለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ቀጭ። ጨፍነዋል።

«አሁን ሳልቆጥር ነው።» ቀጭ። ጨፍነዋል።

«እንግዲያው ጨፍነው ይቆዩና ‹አሁን› ስል ይግለጡ። አሁን!» ገለጡ፤ ጨፈኑ፤ ቀጭ።

«ጌታዬ፣ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ያስቡ።»

«ምን ላስብ?»

«ሚስማሩን ያስቡ» አሉ ጋሼ ከወደ ሚኒባሱ። ቀጭ። ከሁሉ ጠበቅ አድርገው የጨፈኑት ይሄኔ ነው።

በዚህ መሐል ነፋስ መጣና ባርኔጣውን ብድግ አድርጎ ረጠብ ያለ ድንጋይ ላይ ጣለው። ኃላፊያችን «ወይኔ!» ብለው ሊይዙት ሲወርዱ ከቋጥኙ ጀርባ ተሰወሩ። ብልጭታ ጣቱ ለምዶበት ስለነበር ማቆም አልቻለም። ቀጭ።

ኃላፊያችን ባርኔጣቸውን ይዘው ብቅ ሲሉ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ርሷል። ተቆጥተዋል።

«ስሙኝ! ዋናው መሥሪያ ቤት ፎቶውን ዛሬውኑ ይፈልጋል። አሁኑኑ ከዚሁ ይላክ። ነገር ግን ዓይኔ የተጨፈነበት አንድም ፎቶ እንዳይሄድ! ዓይኔ ያልተጨፈነበት ብቻ። ገባችሁ?»

ገባን። ትእዛዝ እንደዚያን ቀን ግልጽ ሆኖልን አያውቅም። ብልጭታና እትዬ ጥላ ሥር ተቀምጠው ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመሩ።

«እዚህ ላይ?»

«ጨፍነዋል።»

«ይኼኛውስ?»

«እሱም ላይ ጨፍነዋል።»

«ይኼ ባርኔጣው ብቻ ያለበትስ?»

«እዚህማ እሳቸው የሉም።»

«ዓይናቸው ተጨፍኗል?»

«ሰውየው ከሌሉ ዓይናቸው እንዴት ይጨፈናል እትዬ?»

«እንግዲያው ይኸው ነው!»

የማይናወጥ ሎጂክ ነው። እትዬ ፎቶውን ወደ ስልካቸው አስገቡና በአዲሱ መመሪያ ቃል እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ኃላፊያችን ዛሬ ከምሳ በኋላ ፏፏቴው ዳር ተወሰዱ። የተወሰዱበት ፎቶ ከዚህ ጋር ተያይዟል።» ላኩት። ከዚያ ሣሩ ላይ ተቀምጠን ሥራውን በሚገባ እንደፈጸመ ሰው ተነፈስን።

የመዝገብ ቤቱን መጋረጃ ለማስለወጥ ሦስት ጊዜ ጽፈንለት አንድም ጊዜ ያልመለሰልን ዋናው መሥሪያ ቤት፣ ያን ቀን ሻያችንን ቀድተን ሳንጨርስ መለሰ። እትዬ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡት። አሁንም ከመጀመሪያው አነበቡት።

«ምን ይላሉ?» አሉ ኃላፊያችን ሱሪያቸውን እየጨመቁ። «ፎቶውን ወደዱት?»

«ጌታዬ... ልባቸው ተነክቷል።»

«ይነካል እንጂ! ሌላስ?»

«‹በደረሰው ነገር መሪር ሐዘን ተሰምቶናል። ወንበሩ ክፍት እንዳይሆን ከነገ ጀምሮ አዲስ ኃላፊ መድበናል› ይላሉ።»

ኃላፊያችን ሱሪያቸውን መጭመቅ አቆሙ። እትዬ ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ስልኩ ጮኸ። ፏፏቴው እየጮኸ ስለሆነ ድምፁን ከፍ አድርገው ከፈቱት፤ ሁላችንም ሰማን።

«አስከሬኑ ተገኘ?»

ኃላፊያችን ስልኩን ከእትዬ እጅ መነጨቁ። «ማነው?»

«የሰው ኃይል ነው። እርስዎ ማን ነዎት?»

«ኃላፊው ነኛ!»

«ኃላፊውማ ተወስደዋል፤ ነፍሳቸውን ይማረው። ወንድማቸው ነዎት?»

«ኧረ ራሴ ነኝ! ማንም አልወሰደኝም!»

«ከእርስዎው ቢሮ ነው እኮ የተጻፈው። ባርኔጣቸው ብቻ ድንጋይ ላይ ቀርቶ ይታያል። እኛም አልቅሰናል።»

«ሰውዬ ስማኝ፣ ተወሰድኩ ማለት እኮ... እኛ ጋ ተወሰዱ ማለት... ተነሱ ማለት ነው!»

«ምን?»

«ተነሳሁ!» ብለው ጮኹ ኃላፊያችን፤ የፏፏቴውን ድምፅ ዋጡት። «ተነስቻለሁ ነው የምልህ! አልሞትኩም፣ ተነስቻለሁ!»

ከወዲያ ማዶ ወረቀት ሲገላበጥ ተሰማ።

«እንዲያ ከሆነማ እሰየው» አለ ድምፁ እፎይ ብሎ። «ተወሰዱ ካልን የአበባ ጉንጉን አለው፣ የኅሊና ጸሎት አለው። በገዛ አንደበታቸው ተነስቻለሁ ብለዋል ብለን እናስተካክለዋለን። ዋናው ነገር ጤና ነው። ደህና ይዋሉ።»

ቀጭ።

ይህኛው ስልኩ ሲዘጋ ይሁን ካሜራው መለየት አልተቻለም፤ አንድ ላይ ነው የሆነው። ብልጭታ ለምን እንዳነሳ ራሱም አያውቅም። ፎቶው ግን ወጣ። ፀሐይዋ ዘንበል ብላ ስለነበር ብርሃኑ ለስልሷል። ኃላፊያችን ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ከስፍራው በአንድ ሦስተኛው ቆመዋል፤ ሁለት ሦስተኛውን ፏፏቴው ያለ ደረጃው ይዞታል። ከኋላ ያለነው ደብዝዘናል። ቀስተ ደመናው፣ ፕሮግራም ላይ የሌለው፣ ልክ ከራሳቸው በላይ ተዘርግቷል። ዓይናቸውም ወለል ብሎ ተገልጧል፤ ሕፃን ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ ሲያይ እንደሚገልጠው። እንዲህ የተዋጣ ፎቶ ቅርንጫፋችን ወስዶም አንስቶም አያውቅም።

«ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ» አሉ ጋሼ በሩን እየከፈቱ። ሞተሩን አስነሱና በመስታወቱ አዩን። «እንግዲህ፣ እንነሳ?»

ማንም ጣቱን ከንፈሩ ላይ አላደረገም።

መንገዱን ሙሉ ኃላፊያችን መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ወደ ውጭ ሲመለከቱ ነበር። ዛፉን አዩ፣ ድልድዩን አዩ፣ ልብስ የሚያሰጡ ሴቶችን አዩ። ለስንት ዓመት በዚያ መንገድ እንደተመላለሱ እናውቃለን። አንዴ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ይሄ ወንዝ ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለው?» ብለው ጠየቁኝ። ሁልጊዜም እንደነበረ ነገርኳቸው። ካሜራው ቦርሳው ውስጥ ስለነበር ያን ጊዜ ዓይናቸው ተገልጦ እንደነበር ማረጋገጫ የለም።

በማግሥቱ ጠዋት ፎቶው ተሰቀለ። ሚስማሩ ተዘጋጅቶ ስለቆየ ሥራው ፈጠነ። ዋናው መሥሪያ ቤትም ቅጂው ደርሶት እጅግ ስለተደሰተ፣ «ነቅቶ የመምራት አርአያ» ከሚል ርእስ ጋር ለቅርንጫፎች ሁሉ እንዲበተን አዘዘ። ባለጉዳዮች ኮሪደሩ ላይ ወረፋ ሲጠብቁ ቀና ብለው ያዩታል። «ሥራ ማለት እንዲህ ነው» ይባባላሉ፤ «ዓይናቸውን እዩት፣ አንድ ነገር አያመልጣቸውም ነበር!» እትዬ ማስታወቂያውን ከሰሌዳው አወረዱትና መነሳት የሚለው ቃል ከነዘር ማንዘሩ ወደ አገልግሎት ተመለሰ። ሰው አርቆ አሳቢ ሲሆን እንደሳቸው ነው፤ መዶሻውን ሳይመልሱ ከአዲሱ ፎቶ ቀጥሎ አንድ ሌላ ሚስማር መቱ።

አዲሱ ኃላፊ የመጡት ረፋዱ ላይ ነው። የተተኮሰ ኮት፣ የሚያብረቀርቅ ጫማ፣ እጃቸው ላይ ከበር የተቀበሉት አበባ። ግራና ቀኝ ተሰልፈን አጨበጨብን። በኮሪደሩ መሐል በዝግታ አለፉ፤ ግድግዳው ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ። ፎቶዎቹን ከመጀመሪያው ጀምረው በዓይናቸው ተከተሏቸው። የመጨረሻው ላይ፣ ወለል ያሉት ዓይኖች ጋ፣ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ሚስማሩን አዩ። አዲስ ስለሆነ ያበራል።

ብልጭታ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከሰልፉ ወጣና እጅ ነሣ። ፊቱ በቅን ልቦና አብርቷል።

«እንኳን በሰላም መጡ ጌታዬ!» አለ። «አሁኑኑ ይነሳሉ ወይስ ሻይ ከጠጡ በኋላ?»

አዲሱ ኃላፊ ብልጭታን አዩት። እኛን አዩን። ፎቶውን አዩት። አበባውን እትዬ ጠረጴዛ ላይ በጥንቃቄ አስቀመጡ፣ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ፣ በመጡበት ኮሪደር ዞረው በዝግታ ሄዱ። ማንንም አልተሰናበቱም። የውጭው በር ከኋላቸው ቀስ ብሎ ተመለሰና ገጠመ።

ቀጭ።